መልሱን ሳይጠቁሙ መጠየቅ፦ ለኦፕን ሶርስ ማኅበረሰቦች ጥናት ሚዛናዊ መጠይቅ የማዘጋጀት ዝርዝር መመሪያ

የመጀመሪያውን መጠይቄን ለአንድ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት (ማንም ሊያነበውና ሊለውጠው የሚችል ሶፍትዌር በጋራ የሚሠራበት) ተሳታፊዎች በላክሁ ጊዜ በጣም የተማመንሁበት ጥያቄ ይህ ነበር፦ «ማኅበረሰባችን አዲስ መጤዎችን ሞቅ ባለ መንፈስ ይቀበላል ብለው ያምናሉ?» አማራጮቹ «አዎ»፣ «በከፊል» እና «አይ» ነበሩ። አብዛኛው ሰው «አዎ» አለ። እኔም ደስ ብሎኝ ሠንጠረዥ መሥራት ጀመርሁ። ከዚያ ለተጨማሪ አስተያየት በተተወው ባዶ ቦታ አንድ መላሽ የጻፈውን አነበብሁ፦ «‹በከፊል› ያልሁት ሌላ ምርጫ ስላጣሁ ነው። ያቀረብሁትን የኮድ ማሻሻያ ሞቅ አድርጎም ቀዝቀዝ አድርጎም የተቀበለ የለም። አራት ወር ሙሉ የመለሰልኝ ሰው አልነበረም።»

ይህ ሰው ሊነግረኝ የፈለገው ዝምታን ነበር፤ ዝምታ ደግሞ በጥያቄዬ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። መለስ ብዬ ስመለከተው ጥፋቱ ብዙ ነበር። «ማኅበረሰባችን» በማለቴ ከአንዱ ወገን መቆሜን ተናግሬአለሁ። «ሞቅ ባለ መንፈስ» በማለቴ የምጠብቀውን መልስ አጉርሻለሁ። «ያምናሉ» በማለቴ ደግሞ የጠየቅሁት በሰውየው ላይ ስለደረሰው ነገር ሳይሆን ስለ እምነቱ ሆነ።

መጠይቅ ከአፍ እንደወጣ ቃል ነው፤ ከተላከ በኋላ «እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነበር» ብሎ መመለስ የለም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ከመላኩ በፊት ያለው ነው። ከዚህ በታች የማቀርበው አሁን እኔ የምከተለውን ቅደም ተከተል ነው። ደረጃዎቹ እኩል ጊዜ አይወስዱም፤ ቃል መምረጥና መሞከር አብዛኛውን ይበላሉ።

ደረጃ 1፦ የማትፈልጉትን መልስ አስቀድማችሁ ጻፉ

መጠይቅ የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ በልቡ የያዘው መልስ አለው። ይህ ነውር አይደለም። ነውሩ ያ መልስ ሾልኮ ወደ ጥያቄው ሲገባ ነው። ይህን ለመከላከል አንድ ዘዴ አለኝ፦ ጥያቄውን ከመጻፌ በፊት የማልፈልገውን መልስ በመላሹ አንደበት እጽፋለሁ።

ለምሳሌ የአንድ ፕሮጀክት የሥነ ምግባር ደንብ ተሳታፊዎችን መጥቀሙን ማጥናት ፈለግሁ እንበል። የማልፈልጋቸው መልሶች እነዚህ ናቸው፦ «ደንብ መኖሩንም አላውቅም ነበር።» «መኖሩን አውቃለሁ፤ አንብቤው ግን አላውቅም።» «አንብቤዋለሁ፤ የሚያስፈልገኝ ሁኔታ አልገጠመኝም።» «ገጥሞኝ አመልክቼ ነበር፤ የተደረገ ነገር የለም።» «ደንቡ ከወጣ ወዲህ ሰው ሐሳቡን በግልጽ መናገር ፈርቷል።» አሁን «የሥነ ምግባር ደንቡ ምን ያህል ጠቅሞዎታል?» የሚለውን ጥያቄ በእነዚህ አምስት ሰዎች ፊት አቁሙት። ለአንዳቸውም የሚሆን ወንበር የለውም። አምስቱን የሚያስተናግድ ጥያቄ ለመጻፍ ስትሞክሩ አንዱ ጥያቄ ወደ ሦስት ወይም አራት ትንንሽ ጥያቄዎች ይበተናል፦ ስለ ደንቡ መኖር ያውቃሉ? አንብበውት ያውቃሉ? ተጠቅመውበት ያውቃሉ? ከተጠቀሙበትስ ምን ተከተለ? መበተኑ ጥሩ ምልክት ነው።

ሁለተኛው ቅድመ ሥራ መዝገቡ የሚያውቀውን ነገር ከመጠይቁ ማውጣት ነው። የኦፕን ሶርስ ጥናት ከሌሎች መስኮች የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር እንደለወጠ ጊት፣ የኮድ ለውጦችን የሚከታተለው ፕሮግራም፣ በታሪኩ መዝግቦ ይዞታል። «ባለፈው ዓመት ስንት የኮድ ማሻሻያ አቀረቡ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ከመዝገቡ የተሻለ መልስ ሊሰጥ አይችልም፤ ጊዜውን ግን ትወስዱበታላችሁ። መዝገቡ የማያውቀውን ጠይቁ፦ ተጀምሮ የተተወ ሥራ፣ በግል መልእክት የመጣ ማበረታቻ ወይም ስድብ፣ ኮድ ሳይጽፉ ለጀማሪዎች ጥያቄ ሲመልሱ የታደረባቸው ሌሊቶች፣ የመሄድ ምክንያት።

ደረጃ 2፦ ቃላቱን መዝኑ

በዚህ መስክ በጣም አታላይ ሆኖ ያገኘሁት ቃል «አስተዋጽኦ» ነው። በአማርኛ አስተዋጽኦ ትልቅ ቃል ነው፤ ከመድረክ የሚነገር፣ የምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ዓይነት። በአንድ መመሪያ ውስጥ የተሳሳተ ፊደል ያረመ፣ የፕሮግራሙን ምናሌ ወደ ቋንቋው የተረጎመ፣ ወይም የተበላሸ ነገር አግኝቶ ያመለከተ ሰው «ለፕሮጀክቱ አስተዋጽኦ አድርገው ያውቃሉ?» ሲባል «ኧረ እኔ ምን አደረግሁና» ብሎ «አይ» ይላል። ከዚያ አጥኚው ያለ ኮድ የሚሳተፍ ሰው የለም ብሎ ይጽፋል። መፍትሔው ቃሉን ትቶ ድርጊቶቹን መዘርዘር ነው፦ «ባለፉት 12 ወራት ለዚህ ፕሮጀክት ከሚከተሉት ውስጥ የትኞቹን አድርገዋል? ስህተት ማመልከት፤ ኮድ መጻፍ፤ የሌላን ሰው ኮድ መገምገም፤ መመሪያ መጻፍ ወይም ማረም፤ መተርጎም፤ የሌሎችን ጥያቄ መመለስ፤ ገንዘብ መስጠት፤ ከእነዚህ አንዱንም አላደረግሁም።» ኮድ መጻፍን ከዝርዝሩ አናት ላይ አታድርጉት፤ አናት ላይ ያለው ነገር ዋናው ይመስላልና።

«ነጻ ሶፍትዌር» የሚለውም እንዲሁ ጣጣ አለው። አሜሪካዊው ፕሮግራመር ሪቻርድ ስቶልማን ጂኤንዩ የተባለውን፣ ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና የመሥራት ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ ሲያደርግ የተነሣው ለተጠቃሚው ነጻነት ነበር። «ኦፕን ሶርስ» የሚለው ስያሜ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ ያቀረቡት ሰዎች ለኩባንያዎች ጆሮ የሚመች ቃል ይፈልጉ ነበር። ስቶልማን ሁለተኛውን ስያሜ አልተቀበለም። ስለዚህ አንዱን ቃል መምረጥ ብቻውን ጠያቂው ከየትኛው ሰፈር እንደመጣ ይናገራል። አማርኛ ደግሞ ሌላ እጥፋት ይጨምርበታል፦ «በነጻ አገኘሁት» ስንል ገንዘብ አልከፈልሁም ማለታችን ነው። «ነጻ ሶፍትዌር ይጠቀማሉ?» የተባለ ሰው ሳይከፍል ያወረደውን ሁሉ፣ የምንጭ ኮዱ የተቆለፈውን ጭምር፣ ቢቆጥር አይፈረድበትም። እኔ ስያሜውን በትርጉሙ እተካለሁ፦ «ፈቃዱ ማንም ሰው የምንጭ ኮዱን እንዲያነብ፣ እንዲለውጥና እንዲያሰራጭ የሚያስችል ሶፍትዌር»። ረዘም ይላል፤ ግን አንድ ጊዜ በመጠይቁ መግቢያ ላይ ከሰፈረ ይበቃል።

ክፍያን በሚመለከት ደግሞ ሦስት አነጋገሮችን አስተያዩ፦ «በበጎ ፈቃድ የሚሠሩት ሥራ»፣ «ያለ ክፍያ የሚሠሩት ሥራ»፣ «ጉልበትዎ የሚበዘበዝበት ሥራ»። ድርጊቱ አንድ ነው። የመጀመሪያው ያመሰግናል፣ ሦስተኛው ያስከፋል፣ መካከለኛው ብቻ ይጠይቃል። «መርዛማ ባህል»፣ «ጤናማ ማኅበረሰብ»፣ «አድካሚ ተጠቃሚዎች» የሚሉትም የፍርድ ቃላት ናቸው፤ ፍርዱን ለመላሹ ተዉለት። «ማኅበረሰቡ» ከማለትም ይልቅ የፕሮጀክቱን ስም ጥሩ። አንድ ሰው በአምስት ፕሮጀክቶች ሊሳተፍ ይችላል፤ የአንዱን ቁጣ ለሌላው ሊያወርስ አይገባም።

ደረጃ 3፦ ዓረፍተ ነገሩን ንጹሕ አድርጉ

የአንድ ግሥ ለውጥ ምን ያህል እንደሚያናውጥ የሚያሳየው ታዋቂ ሙከራ ዶናልድ ረግ እ.ኤ.አ. በ1941 ያሳተመው ነው። ለአንዱ የአሜሪካውያን ቡድን ዴሞክራሲን የሚቃወም የአደባባይ ንግግር «ሊከለከል ይገባል ወይ?» ተባለ፤ 54 በመቶ ይከልከል አሉ። ለሌላው ቡድን «ሊፈቀድ ይገባል ወይ?» ተባለ፤ 75 በመቶ አይፈቀድ አሉ። አለመፍቀድና መከልከል በተግባር አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ ግን ከ20 ነጥብ በላይ ነው። «መከልከል» ጨካኝ ቃል ነው፤ ሰው ይሸሸዋል። በእኛም መስክ «ኩባንያዎች በፕሮጀክቱ ውሳኔ ላይ ድምፅ እንዳይኖራቸው መከልከል አለበት?» እና «ድምፅ እንዲኖራቸው መፈቀድ አለበት?» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ውጤቶች ይሰጧችኋል ብላችሁ ጠብቁ። ሁለቱንም ወገን በእኩል ቃል አስቀምጡ፦ «አንዳንድ ተሳታፊዎች ኩባንያዎች ድምፅ ሊኖራቸው ይገባል ይላሉ፤ ሌሎች ሊኖራቸው አይገባም ይላሉ። የእርስዎ አስተያየት ለየትኛው ይቀርባል?»

ድርብ አሉታ ሌላው ወጥመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ሮፐር የተባለው የሕዝብ አስተያየት ድርጅት በአሜሪካ ባደረገው መጠይቅ የናዚዎች የአይሁድ ጭፍጨፋ «ፈጽሞ አልተደረገም ማለት ይቻላል ወይስ አይቻልም?» በሚል ጠማማ አነጋገር ተጠየቀ። 22 በመቶ «ይቻላል» አሉ፤ አገር ተደናገጠ። ጥያቄው እ.ኤ.አ. በ1994 ተቃንቶ ሲጠየቅ እንዲህ ያለው 1 በመቶ ያህል ብቻ ሆነ። የተቀረው ጥርጣሬ ከሰዎቹ ልብ ሳይሆን ከሰዋስው የመጣ ነበር።

በአማርኛ ይህ አደጋ ይብሳል፤ በአሉታ ለቀረበ ጥያቄ «አዎ» ማለት ሁለት ትርጉም አለውና። «የግምገማው ሂደት አላስቸገረዎትም?» ለሚለው «አዎ» ያለ ሰው «አዎ፣ አላስቸገረኝም» ነው ያለው ወይስ «አዎ፣ አስቸግሮኛል»? በቃል ቢሆን ከድምፁ እንለየዋለን። በወረቀት ላይ አይለይም። በአሉታ የሚጀምር ጥያቄ በጭራሽ አትጻፉ። «... አይመስልዎትም?» እና «... አይደለም ወይ?» የሚሉትንም እንዲሁ ተዉ፤ እነዚህ ጥያቄ አይደሉም፣ የጥያቄ ምልክት የተደረገባቸው መግለጫዎች ናቸው።

ቀሪው ቀላል ነው፣ በአጭሩ ልለፈው። «ፈጣንና ጨዋ ምላሽ አግኝተዋል?» ሁለት ጥያቄ ነው፤ ፈጣን ስድብ የደረሰው ሰው ምን ይበል? በረቂቃችሁ ውስጥ «እና»ን እና «ወይም»ን እየፈለጋችሁ እያንዳንዱን መርምሩ። «መሳተፍ ያቆሙት ለምንድን ነው?» የሚለው ደግሞ ማቆሙን አስቀድሞ ወስኗል። እረፍት ላይ ያለ ሰው አቁሟል ማለት አይደለም፤ መጀመሪያ ማቆሙን ጠይቁ።

ደረጃ 4፦ ጊዜና ቁጥር

«ምን ያህል ጊዜ ኮድ ይገመግማሉ?» ይህ የዕለት ተዕለት አማርኛ ነው፤ ግን ስንት ጊዜ ማለት ነው ወይስ ስንት ሰዓት? ሁለቱንም ያስኬዳል። በአንድ ሙከራ ላይ አንዱ መላሽ «ሦስት» ብሎ በሳምንት ሦስት ጊዜ ማለቱ ነበር፤ ሌላው «ሦስት» ብሎ በቀን ሦስት ሰዓት። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ዓምድ ተደምረው ቢሆን ማንም አይነቃም ነበር። «በሳምንት ስንት ቀን» ወይም «በሳምንት በአማካይ ስንት ሰዓት» ብላችሁ ቁረጡት።

«ብዙ ጊዜ»፣ «አልፎ አልፎ»፣ «አዘውትሬ» የሚሉት ልክ የላቸውም። በየቀኑ ፕሮጀክቱ ላይ ለሚውል ሰው በሳምንት አንድ ጊዜ «አልፎ አልፎ» ነው፤ በዓመት ሁለቴ ብቅ ለሚል ሰው «ብዙ ጊዜ»። ዘመኑንም ወስኑ፤ «ባለፉት 12 ወራት» ከ«በቅርቡ» ይሻላል።

ቁጥር መስጠትም ግን የራሱ ግፊት አለው። ኖርበርት ሽቫርትስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት የጀርመን ሙከራ ሰዎች በቀን ስንት ሰዓት ቴሌቪዥን እንደሚያዩ ተጠየቁ። ለአንዱ ቡድን የቀረቡት አማራጮች ከግማሽ ሰዓት ጀምረው «ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ» የሚል ጫፍ ነበራቸው፤ ለሌላው ቡድን አማራጮቹ የጀመሩት እዚያው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ አያለሁ ያለው በመጀመሪያው ቡድን 16.2 በመቶ፣ በሁለተኛው 37.5 በመቶ ሆነ። መላሹ የአማራጮቹን መካከል «የተለመደው ሰው» ብሎ ይወስድና ራሱን በዚያ ይለካል። ስለዚህ ለፕሮጀክቱ የሚሰጠውን ሰዓት ስትጠይቁ ባዶ ቦታ ትታችሁ ቁጥሩን ራሱ እንዲጽፍ ማድረግ ይበልጥ ታማኝ ነው።

ደረጃ 5፦ አማራጮቹ

ሚዛን ማለት በቀኝና በግራ እኩል ድንጋይ ማስቀመጥ ነው። «እጅግ በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መጥፎ» የሚል ዝርዝር ሦስት ለአንድ ነው፤ ለነቀፋ አንድ ወንበር፣ ለምስጋና ሦስት። ከዚህ ሌላ «አላውቅም»፣ «አይመለከተኝም» እና «መካከለኛ» የሚሉት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በአንድ ሣጥን አትጨምሯቸው። ስለ ፕሮጀክቱ የደህንነት አሠራር «መካከለኛ ነው» ያለ ሰው አስተያየት ሰጥቷል፤ «አላውቅም» ያለ ሰው ግን ሌላ፣ ምናልባትም የበለጠ ጠቃሚ፣ ነገር ነግሯችኋል።

«እስማማለሁ፣ አልስማማም» የሚሉትን ሚዛኖች ባልጠቀም እመርጣለሁ። ሰው ለጨዋነትም ለድካምም ሲል መስማማት ይቀለዋል። «የመመሪያው ሰነድ ግልጽ ነው፦ እስማማለሁ/አልስማማም» ከማለት «የመመሪያው ሰነድ ምን ያህል ግልጽ ወይም ግልጽ ያልሆነ ነው?» ብሎ አማራጮቹን በራሱ በጉዳዩ ቋንቋ መስጠት ይሻላል። ረጅም ዝርዝር ካለ፣ በተለይ «ለምን ይሳተፋሉ?» በሚለው ዓይነት ጥያቄ፣ የአማራጮቹ ቅደም ተከተል ለእያንዳንዱ መላሽ እንዲቀያየር አድርጉ። «ደመወዝ ስለሚከፈለኝ» የሚለውንም ከመጨረሻ እንደ ኃጢአት አትሸሽጉት።

ደረጃ 6፦ የሚያምመው ጥያቄ

«ትንኮሳ ደርሶብዎት ያውቃል?» ብሎ መጠየቅ መላሹን ዳኛ ማድረግ ነው፤ መጀመሪያ የደረሰበትን ነገር ስም እንዲያወጣለት ይጠበቃል። ብዙ ሰው የደረሰበትን በዚያ ስም አይጠራም። ብዙ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ ጊትሃብ እ.ኤ.አ. በ2017 ያካሄደው የኦፕን ሶርስ ጥናት የተሻለ መንገድ ተከትሏል፤ ድርጊቶቹን አንድ በአንድ ዘርዝሮ ማየትን ከመድረስ ለይቷል። ውጤቱ ትምህርት ነው፦ 18 በመቶ መጥፎ ግንኙነት በራሳቸው ላይ እንደደረሰ፣ 50 በመቶ ደግሞ በሌሎች መካከል እንዳዩ ተናገሩ። በዝርዝሩ ውስጥ ብልግናን 45 በመቶ አይተዋል፣ በ16 በመቶው ላይ ደርሷል።

የሁለቱን ቁጥሮች ርቀት ልብ በሉ። በኦፕን ሶርስ ውይይት በአደባባይ ነው፤ አንድ ስድብ አንድ ሰው ላይ ደርሶ ሺህ ሰው ያነበዋል። «አይተዋል?» ብሎ ብቻ የጠየቀ አጥኚ ማኅበረሰቡን ከልክ በላይ ያጠቁረዋል፤ «ደርሶብዎታል?» ብሎ ብቻ የጠየቀ ደግሞ አይቶ የሸሸውን ሰው ይስተዋል። ሁለቱን ጠይቁ፤ አትደምሯቸው። ከዚያም ሦስተኛ አክሉበት፦ ያን ካዩ ወይም ከደረሰብዎ በኋላ ምን አደረጉ?

ስም አለመጠየቅ ምስጢር መጠበቅ አይደለም። የዚህ መስክ ልዩ አደጋ የፕሮጀክቱ ታሪክ ለማንም ክፍት መሆኑ ነው። መላሹ ፕሮጀክቱን የተቀላቀለበትን ወር፣ የሚሠራበትን ክፍል እና የሚኖርበትን አገር ከነገራችሁ ማንነቱን ለማወቅ የጊት ታሪክን ማገላበጥ ይበቃል። ኮድ የሚያጸድቁት አሥራ አራት ሰዎች በሆኑበት ፕሮጀክት ውስጥ «ሴት» እና «ኮድ አጽዳቂ» የሚሉ ሁለት ምልክቶች አንድ ሰው ላይ ሊያርፉ ይችላሉ። ወርን በዓመታት ክልል፣ አገርን በአህጉር ተኩ፤ የማትጠቀሙበትን የግል ጥያቄ ደግሞ ሰርዙ። የቀሩትን ከመጠይቁ መጨረሻ አድርጓቸው፤ ለሁሉም «መግለጽ አልፈልግም» የሚል ይኑር። በጥቅስ የምታወጡትን አስተያየትም ተጠንቀቁ፤ ሰው በአደባባይ የሚጽፍበት አነጋገር አለውና ባልደረቦቹ ያውቁታል።

ደረጃ 7፦ የምታናግሩት ማንን ነው?

አማርኛ ሰውን ሳይለይ አይናገርም። «ኮድ ጽፈህ ታውቃለህ?» ብሎ የሚጀምር መጠይቅ ከመጀመሪያው መስመር ለወንድ ተጽፏል። በጊትሃብ ጥናት ከመላሾቹ 95 በመቶ ወንዶች፣ 3 በመቶ ሴቶች ነበሩ። ቀድሞውንም ጥቂት የሆኑትን ሴቶች በግሥ ቅጥያ ማስወጣት ያሳዝናል። «ጽፈህ/ሽ» የሚለው የዘንግ ጥበብም ዓይን ያደክማል። «እርስዎ» ጾታ አይለይም፤ መጠይቅን የሚያህል መደበኛ ጽሑፍም ይሸከመዋል። አንዳንድ ወጣት ተሳታፊዎች «አንቱታ» የሚያርቃቸው ሆኖ ያገኙታል፤ እኔ ግን መራቅን ከመገለል እመርጣለሁ።

መጠይቁ ከሌላ ቋንቋ የተተረጎመ ከሆነ ዋናውን ጽሑፍ ያላየ ሁለተኛ ሰው ትርጉሙን ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይመልሰው። ሁለቱ የማይገናኙበት ቦታ ላይ የተሳሳተው ብዙውን ጊዜ ተርጓሚው አይደለም፤ ዋናው ጥያቄ ራሱ ሁለት ትርጉም ስለነበረው ነው።

ደረጃ 8፦ ሞክሩት

አምስት ወይም ስድስት ሰው ይበቃል፤ ግን የተለያዩ ይሁኑ። አንድ ኮድ አጽዳቂ፣ አንድ ጀማሪ፣ አንድ ተርጓሚ፣ አንድ ትቶ የሄደ። እያንዳንዱ ጥያቄውን ጮክ ብሎ ያንብብ፤ እያሰበ ያለውን እየተናገረ ይመልስ። እናንተ ዝም በሉ። ማብራራት ስትጀምሩ ጥያቄው መውደቁን እወቁ፤ መጠይቁ ሲላክ አብራችሁ አትሄዱም።

በመግቢያው የጠቀስሁት ጥያቄ በዚህ መንገድ ምን እንደሆነ ላሳይ። ሁለተኛው ረቂቅ «የመጀመሪያ ማሻሻያዎን ሲያቀርቡ ያገኙት ምላሽ ምን ይመስል ነበር?» የሚል ነበር። ጀማሪዋ «ምንም አላገኘሁም፤ ምን ልበል?» አለች። ሦስተኛው ረቂቅ እንዲህ ሆነ፦ «ለዚህ ፕሮጀክት ያቀረቡትን የመጨረሻ ማሻሻያ ያስታውሱ። የመጀመሪያው ምላሽ የደረሰዎት መቼ ነበር?» ከአማራጮቹ አንዱ «እስካሁን ምላሽ አልደረሰኝም» ነበር። ተርጓሚው «ወዲያውኑ፣ በሰከንዶች ውስጥ» ብሎ መለሰ። ገረመኝ፤ ስጠይቀው ኮዱን የሚፈትሸው አውቶማቲክ ፕሮግራም የላከለትን መልእክት ቆጥሮ ነው። «ከሰው የደረሰዎት የመጀመሪያ ምላሽ» ብዬ አስተካከልሁ። ኮድ አጽዳቂው ደግሞ የራሱን ሥራ ራሱ ስለሚያስገባ የማንንም ምላሽ አይጠብቅም፤ «የሌላ ሰው ማጽደቅ አያስፈልገኝም» የሚል አማራጭ ተጨመረ።

አራተኛው ረቂቅ ንጹሕ ነበር። ትቶ የሄደው ሰው አነበበውና «ይህ እኮ ከመዝገቡ ላይ ይገኛል፤ ቀኑ ተጽፏል» አለኝ። ደረጃ አንድን የጻፍሁት እኔ፣ ደረጃ አንድን የረሳሁት እኔ። ጥያቄውን ጣልሁትና ቀኖቹን ከመዝገቡ ወሰድሁ። በቦታው ያስገባሁት መዝገቡ የማያውቀውን ነው፦ «ምላሽ በሚጠብቁበት ጊዜ ምን አደረጉ?» ከአማራጮቹ መካከል «ሌላ ሥራ ጀመርሁ»፣ «አስታዋሽ መልእክት ላክሁ»፣ «ማሻሻያውን ለራሴ ብቻ ተጠቀምሁበት»፣ «ተውሁት» እና «ምንም የተለየ ነገር አላደረግሁም» የሚሉ ነበሩ።

የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተልም በዚሁ ሙከራ ፈትሹ። ስለ ጠብ ከጠየቃችሁ በኋላ «በአጠቃላይ በፕሮጀክቱ ምን ያህል ረክተዋል?» ብትሉ የምትለኩት የጠቡን ትዝታ ነው። አጠቃላዩ ይቅደም፣ ዝርዝሩ ይከተል።

ደረጃ 9፦ ስትልኩ

የግብዣው መልእክትም ጥያቄ ነው፤ ማን እንደሚመልስ ይመርጣል። «ስለ ሥራ መታከትና ድካም ጥናት» ብላችሁ ብትጋብዙ የደከሙት ይመጣሉ። «ስለ ተሳትፎ ልምድ ጥናት» በቂ ነው። ብዛት ብቻውን አያድንም፤ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1936 አሥር ሚሊዮን መጠይቅ በትኖ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ላንደን ያሸንፋል አለ፤ ተፎካካሪው ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። በእኛ መስክ ከመጠይቅ ሁልጊዜ የሚቀሩት የሄዱት ናቸው። ዛሬ ያሉትን ብቻ ጠይቆ «ሰው ለምን ይቆያል» ማለት ይቻላል፤ «ሰው ለምን ይሄዳል» ማለት ግን አይቻልም።

አድራሻ ከጊት ታሪክ ለቅማችሁ አትላኩ። የፕሮጀክቱን ኃላፊዎች አስቀድማችሁ አነጋግሩ፣ ማን እንደሆናችሁና ገንዘቡን ማን እንደሚከፍል ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ይገኝባቸው እንደሆነ ለማየት ሆን ብለው እንከን ያለበት ማሻሻያ ለሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና እምብርት ለሆነው ፕሮግራም) ልከው እንደነበር ሲታወቅ ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣ ሥራ እንዳይገባ ታገደ። ያ መጠይቅ አልነበረም፤ ግን ከዚያ ወዲህ «ለጥናት ነው» የሚል ሰው በብዙ ፕሮጀክቶች ደጃፍ በጥርጣሬ ቢታይ አይገርምም።

ውጤቱን ስታወጡ የጥያቄዎቹን ሙሉ ቃል፣ አማራጮቹንና ቅደም ተከተላቸውን ጭምር፣ አብራችሁ አውጡ። እ.ኤ.አ. በ2002 በአውሮፓ ስለ ነጻና ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ሠሪዎች የተደረገው የፍሎስ ጥናት 2,784 መላሾች ነበሩት፤ ሴቶቹ 1.1 በመቶ። ከ15 ዓመት በኋላ ጊትሃብ 3 በመቶ አገኘ። የሴቶች ቁጥር አደገ ለማለት ያጓጓል፤ ነገር ግን የፍሎሱ ለፈለገ ሁሉ ክፍት ነበር፣ የጊትሃብ መላሾች በአብዛኛው በዕጣ የተመረጡ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ጥናቱን የምትደግሙ ከሆነ የቃል ለውጥ አታድርጉ። ግድ ከሆነባችሁ መላሾቹን በዕጣ ለሁለት ክፈሉና ለግማሹ አሮጌውን፣ ለግማሹ አዲሱን አነጋገር ስጡ፤ የሁለቱ ልዩነት ከቃሉ የመጣውን ከሰዎቹ ከመጣው ይለይላችኋል።